ወፍጮ ያስጮኸው ጆሮ፦ አንድ የካራ ሰው ከጤና አዳም እስከ በገና

አጎቴ ካራ ወፍጮ ቤት አለው። ከመገናኛ የሚመጡት ታክሲዎች ሰው አራግፈው ከሚዞሩበት ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ሃምሳዎቹን አጋምሷል። ሥራውን ሲጀምር አካባቢው ባሕር ዛፍና እርሻ ነበር ይላል። ዛሬ ፎቅ በፎቅ ሆኗል። የጤፍ ኬሻና የበርበሬ ፌስታል ይዞ የሚመጣው ሰው ግን ያው ነው። "ለሌላው ከጠቀመ ጻፈው፣ ስሜን ግን አታንሳ። ዝም ብለህ ጋሼ በለኝ" ብሎኛል። ስለዚህ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

የጋሼ ጆሮ ይጮኻል። ይህንን ጩኸት ለማጥፋት ያልሞከረው የለም። የቤት መድኃኒት፣ ጠበል፣ የነሐስ ሳህን የሚደወልበት "ሳውንድ ሂሊንግ" የሚባል ነገር፣ ሐኪም፣ በገና። ቅደም ተከተሉም ልክ እንደጻፍኩት ነው። ሐኪሙ አራተኛ ነው የመጣው። እኔ የምሠራው አንድ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። የጆሮ ባለሙያ አይደለሁም። ግን "ተሻለኝ" የሚል ሰው ሲገጥመኝ "ምንህ ነው የተሻለህ?" ማለት የሥራ ልማዴ ነው። ይህንን ጉዳይም የተከታተልኩት በዚሁ ጥያቄ ነው።

ወቀራ

ወፍጮ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ። ሞተሩ ያጓራል፣ ቺንጋው ይገርፋል፣ ሰዉ ደግሞ ከሁሉም በላይ ለመሰማት ይጮኻል። "የኔ ነጭ ጤፍ ነው፣ ከሰርገኛው እንዳይቀላቀል!" ለማለት እንኳ ጉሮሮ ይጠይቃል። እህሉ ከቋቱ ሲያልቅና ድንጋይ ከድንጋይ ሲገናኝ የሚወጣው ድምፅ ጥርስ ያፋጫል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ወቀራው ነው። ድንጋዩ ሲለሰልስ ዱቄቱ ይሞቃል፣ አይልምም። ስለዚህ ድንጋዩ ይወርድና ይወቀራል። ጋሼ ይህን ሥራ ለማንም አይሰጥም። ድንጋዩን በእግሮቹ መሃል አድርጎ ቁጭ ይላል። ፊቱን ድንጋዩ ላይ ደፍቶ በመውቀሪያው ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ያደርገዋል። ብረት በድንጋይ ላይ፣ ከጆሮው ክንድ በማይሞላ ርቀት። ያውም በአራት ግድግዳና በቆርቆሮ ጣሪያ መሃል። ፍንጣሪ ዓይኑን እንዳይመታው መነጽር ገዝቷል። ለጆሮው ግን ምንም። አንዳንዴ ጥጥ ይወትፍበታል። ጥጥ ደግሞ ድምፅ አያስቆምም ማለት ይቻላል።

ወፍጮው እየሠራ ሳለ በስልኬ ለካሁት። የስልክ መለኪያ እንደ ትክክለኛው መሣሪያ አይታመንም። ቢሆንም ቁጥሩ ከ90 ዴሲቤል በታች አልወርድ አለኝ። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ናዮሽ የሚመክረው ገደብ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ 94 ላይ 1 ሰዓት ብቻ። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ሰሞን የጋሼ ወፍጮ ከንጋት እስከ ማታ አይጠፋም።

ይህ ምን ያደርጋል? ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉ ፀጉር መሰል ሴሎች አሉ። በአንድ ጆሮ 15,000 ገደማ። ጩኸት ይገድላቸዋል። ወፍና ዓሣ ሲሞቱባቸው ይተኩላቸዋል። ሰው ግን አንዴ ከሞቱበት አለቀ። ያኔ ወደ አንጎል የሚሄደው መልእክት ይቀንሳል። ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚሉት አንጎል የጎደለበትን ለማካካስ የራሱን መቀበያ ከፍ ያደርጋል። ጣቢያ ያልያዘ ራዲዮ ድምፁ ሲጨመርለት ሽሽሽ እንደሚለው ነው። ለዚህ ነው ጩኸቱ ጆሮ ውስጥ ሆኖ የሚሰማው፣ ውጭ ግን ምንም የሌለው።

ጋሼ ይህን ሁሉ አያውቅም ነበር። የሚያውቀው ማታ ወፍጮው ጠፍቶ ቤቱ ጸጥ ሲል ጆሮው ውስጥ ሲርርር የሚል ነገር እንደሚጀምር ነው። ቀን ወፍጮው ይሸፍነዋል። ሌሊት ብቻውን ያገኘዋል። እትዬ፣ ሚስቱ ማለቴ ነው፣ ሌሊት ስትነቃ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ እሱ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ ታገኘዋለች። "ምን ሆነሃል?" ስትለው "ሙቀት ነው"። ኅዳር ላይ! ኅዳር ላይ ካራ ሙቀት የለም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እሱ ግን ለመደበቅ ምክንያት ነበረው። "ድምፅ ይሰማኛል ብላቸው አማኑኤል ይወስዱኛል ብዬ ፈራሁ" አለኝ ኋላ ላይ። ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም። ከአእምሮ ሕመም ጋር ይያያዝብኛል የሚል ፍርሃት ስንቱን ሰው ዝም እንዳሰኘ አስቡት።

ነጭ ሽንኩርቱ

ምስጢሩ ሲወጣ ሰፈሩ ሐኪም ሆነ። አንዷ "ምች ነው" ብላ ዳማ ከሴ አሽታ ጭማቂውን በቡና አጠጣችው። ዳማ ከሴ ለጉንፋንና ለራስ ምታት ቤታችን ውስጥ ያለ ነው፤ ጠጣ፣ አላበው፣ ጆሮው ግን ያው። ሌላው ጤና አዳም ጠቅልሎ ጆሮው ውስጥ እንዲወትፍ መከረው። ጤና አዳምም ምንም አላደረገ፤ ወፍጮ ቤቱ ለጥቂት ቀን ጥሩ ሸተተ።

ችግር የፈጠረው ሦስተኛው ነው። ነጭ ሽንኩርት በዘይት አፍልቶ ለብ ሲል ጆሮ ውስጥ ማንጠብጠብ። የጆሮ ቱቦ ቆዳ ስስ ነው። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ቆዳ ያቃጥላል። የጋሼ ጆሮ ቀላ፣ አሳከከው፣ ፈሳሽ አወጣ። ከዚያ በላይ የሚያስፈራው የጆሮ ታምቡር የተበሳ እንደሆነ ነው። ያኔ የተንጠባጠበው ነገር በቀጥታ ወደ መካከለኛው ጆሮ ይገባል። ታምቡር መበሳት አለመበሳቱን ሳያይ በጆሮው ምንም ነገር የሚያንጠባጥብ ሰው ቁማር ነው የሚጫወተው።

የባሕል መድኃኒትን የምንቅ አይደለሁም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። የቢልሃርዝያ ተሸካሚዎቹ ናቸው። ቤተ ሙከራ ወሰደው፣ ፈተነው፣ መጠኑን ለካ። ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኙት በዚህ ነው። እንዶዱ ከጥንትም የነበረ የእናቶቻችን ሳሙና ነው። የጨመሩበት ጥያቄውን ነው።

እንጦጦ

ሁዳዴ ሲገባ ጋሼ ወፍጮውን ለልጁ አስረክቦ እንጦጦ ወጣ። ለጠበል። ስለዚህ ክፍል ብዙ አልተናገረም፤ እኔም አልጫንኩትም። የነገረኝ አንድ ነገር ግን ያስገርማል። እዚያ ተኛ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ተኛ።

አማኝ ለሆነ ሰው መልሱ ግልጽ ነው። እኔም አማኝ ነኝ። ግን ሌላም ነገር ተቀይሮ ነበር። ወፍጮው የለም፣ ወቀራው የለም። ጆሮው አርፏል። ሌሊቱም ጸጥ ያለ አይደለም። ሰው ይጸልያል፣ ይዘምራል፣ ከጎን የተኛው ያስላል፣ ውኃው ይወርዳል። ጸጥታ በሌለበት የጋሼ ጩኸት ጉልበት ያጣል። ቤቱ ሲመለስ በሳምንቱ እንደነበረው ሆነ።

እዚያ የነበሩ አንድ አባት የጠየቁትን አልረሳም። "ሐኪምስ ምን አለህ?" "አልሄድኩም አባ።" "ሂድ እንጂ! ጠበሉም የእግዚአብሔር፣ ሐኪሙም የእግዚአብሔር።" ይህ ንግግር በእንጦጦ ምድር ታሪክ አለው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት መሰጠት በጀመረባቸው ዓመታት ወደ እንጦጦ ጠበል የወጡ ብዙ ሕሙማን ነበሩ። ጠበል ላይ ያለ ሰው ኪኒን መዋጥ የለበትም የሚል እምነት ስንቱን ለአደጋ ዳርጓል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ እንደማይጣሉ፣ መድኃኒቱን መውሰድ ኃጢአት እንዳልሆነ በአደባባይ ተናገሩ። ጋሼ ግን የአባን ምክር ሰምቶ ሐኪም ቤት አልሄደም። ሴት ልጁ ቀደመችው።

ሳህኖቹ

ልጅቱ ከስልኳ ነው ያገኘችው። ወደ ለገጣፎ በኩል፣ አንድ ቪላ ውስጥ፣ "በድምፅ መፈወስ"። ጋሼ ሲሰማ "ለሳህን ድምፅ ነው ገንዘብ የምከፍለው? ቤቴ ሳህን ሞልቶልኝ!" አለ። ልጁ ከፈለችለት። የተከፈለበት ነገር ደግሞ አይቀርም።

እኔም አብሬ ሄድኩ። ጫማ ይወልቃል። ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ዕጣን ይጨሳል። መሃል ላይ ትልልቅና ትንንሽ የነሐስ ሳህኖች፣ ነጫጭ የክሪስታል ሳህኖች፣ ግድግዳው ጋ ደግሞ የታክሲ ጎማ የሚያህል ጎንግ። የምትመራው ወጣት ሴት ናት፤ ትሑት ልጅ። "ጋሼ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ ትንፋሽዎን ብቻ ይከታተሉ" አለችው። አንዱን ሳህን ደረቱ ላይ አስቀምጣ በጨርቅ በተጠቀለለ እንጨት ቀስ አድርጋ መታችው።

ድምፁ ያምራል፤ ይህን መካድ አልችልም። ውውውው እያለ ይወጣል ይወርዳል። ምክንያቱ ሳህኑ ፍጹም ክብ አለመሆኑ ነው። በጣም የተቀራረቡ ሁለት ድምፆች አንድ ላይ ያወጣል። ሁለቱ ሲደራረቡ ያ ማዕበል ይፈጠራል። ንዝረቱ ደረት ውስጥ ይሰማል። ጋሼ ብዙም ሳይቆይ አንኮራፋ። ሌሎቹ ተሳታፊዎች ሳቃቸውን ዋጡት። ሲነቃ ፊቱ ተፈትቶ ነበር። "ጩኸቱስ?" አልኩት። "አለ" አለ። "ግን ግድ አልሰጠኝም።"

ይህችን መልስ ያዙልኝ። እስከ መጨረሻው የምትፈለግ እሷ ናት።

ይህ በጋሼ ብቻ የታየ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት 62 ሰዎችን ከሳህን ድምፅ በፊትና በኋላ ጠይቆ ነበር። ውጥረታቸውና ድብርታቸው ቀንሷል። ግን ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። ዝም ብሎ ምንጣፍ ላይ መተኛት ብቻውን ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ከዚያ ጥናት ማወቅ አይቻልም። ያሳርፋል እንበል። ለማረፍማ ማን ይከለከላል?

የተጣላሁት ከሳህኑ ጋር ሳይሆን ከወሬው ጋር ነው። 528 ኸርዝ የተጎዳን ዲኤንኤ ይጠግናል ተባልን። ኸርዝ ማለት በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ነው። ሰከንድን የሠራው ደግሞ ሰው ነው። ሰከንድ ትንሽ ረዘም ብላ ተወስና ቢሆን ያው ድምፅ ሌላ ቁጥር ይኖረው ነበር። ዲኤንኤ የእኛን ሰዓት አይቆጥርም። የሙዚቃ መቃኛውን 440 ትተን ወደ 432 ብንወርድ ተፈጥሮ ይታረቀናል የሚለውም የዚሁ ወንድም ነው። 440 ዓለም አቀፍ መለኪያ ሆኖ የጸደቀው ሰዎች በየአገሩ የሚሠሯቸው መሣሪያዎች አንድ ላይ እንዲቃኙ ነው። ሌላ ምስጢር የለውም።

ቀጥሎ ሁለት ነገር ተከሰተ። አንደኛው ጎንጉ ነው። በሌላ ቀን ጋሼን ጎንጉ አጠገብ አስተኙትና እስከ መጨረሻው መቱት። የተጎዳ ጆሮ ለድንገተኛ ድምፅ ይቆጣል። ማታውን ጩኸቱ በእጥፍ ሆኖ አደረ፤ እትዬም አብራ አደረች። ሁለተኛው ይብሳል። ጋሼ ለደም ግፊት አምሎዲፒን ይወስዳል። እዚያ ቤት ካሉት አንዱ "ሰውነትዎ ራሱን ማዳን ጀምሯል፣ ኪኒኑን ቀስ በቀስ ይተውት" አለው። ተወው። ለማንም ሳይናገር። ቤቱ ቡና ልጠጣ ሄጄ እንደ ልማዴ ግፊቱን ብለካው የላይኛው 170 አልፏል። ያን ቀን ቡናው አልጣመኝም። መድኃኒቱን እዚያው አስጀመርኩትና በማግስቱ ወደሚከታተሉት ሐኪም ይዤው ሄድኩ። ወደ ጆሮ ሐኪም የተላከውም ከዚያ ነው። አያችሁ፣ ጆሮውን ያስመረመረው ጆሮው አይደለም።

ገደሉ

አንድ የመንግሥት ሆስፒታል የጆሮ ክፍል ነው የሄድነው። ወረፋው ረጅም ነበር። ሐኪሙ መጀመሪያ በመብራቱ አየው። ታምቡሩ ደህና ነው። ቱቦው ውስጥ ግን ኩክና የነጭ ሽንኩርቱ ትራፊ ተጋግሮ ነበር፤ አወጣለት። ጄንታማይሲን ወይም ስትሬፕቶማይሲን መርፌ ወስዶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀው። እነዚህ ጆሮ ይጎዳሉ። ጩኸቱ ከልብ ምት ጋር ይሄድ እንደሆነ፣ በአንድ ጆሮ ብቻ እንደሆነ፣ ድንገት መስማት አቁሞ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀው። አንዱም አልነበረም። አንባቢ ሆይ፣ ከእነዚህ አንዱ ካለብህ ግን አትዘግይ። በተለይ አንድ ጆሮ ባንድ ቀን ድንገት ከደነቆረ በቀናት ውስጥ መታከም አለበት። መድኃኒቱ የሚሠራው ቶሎ ከተጀመረ ነው።

ከዚያ ትንሿ ክፍል። በሩ ወፍራም፣ ግድግዳው ስፖንጅ። ጋሼ ማዳመጫውን አጥልቆ ቲት ሲል ቁልፍ ይጫናል። በመስተዋቱ አየዋለሁ። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይጫን ነበር። ቆየት ብሎ ጣቱ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቀረ። አይኑን ወደ ጣሪያው አንስቶ ይጠብቃል። ድምፁ እየመጣ ነበር። እሱ ግን አልሰማውም።

የመስማት ችሎታውን የሚያሳየው ወረቀት ላይ መስመሩ ከግራ ተነስቶ ደህና ይሄዳል። 4000 ኸርዝ ላይ ሲደርስ ገደል ይገባል። 8000 ላይ ትንሽ ቀና ይላል። በሁለቱም ጆሮ። ሐኪሙ ወረቀቱን አየና "አባቴ፣ ሥራዎ ወፍጮ ነው ወይስ ብረታ ብረት?" አለ። ጋሼ ደነገጠ። "ማን ነገረህ?" የነገረው ገደሉ ነው። ጩኸት የበላው ጆሮ እዚያች ላይ ነው የሚጎድለው።

ይህ ሌላም ነገር ገለጠ። ስስ ድምፆች፣ ሰ፣ ፈ፣ ሸ፣ ያሉት በዚያ ከፍታ ነው። ጋሼ ለዓመታት "ሴቶቹና ልጆቹ ያጉተመትማሉ" እያለ ይቆጣ ነበር። ማንም አላጉተመተመም።

ጩኸቱን የሚያጠፋ ኪኒን የለም ተባለ። ይህን በመስማቱ ይከፋል ብዬ ነበር። እሱ ግን ተነፈሰ። እብደት አይደለም፣ ዕጢ አይደለም፣ ስም አለው፣ ምክንያት አለው። ምክሩ እንዲህ ነበር። ጆሮህን ከወፍጮ ጠብቅ። ጸጥታን ሽሽ፤ ማታ ዝቅ ያለ ድምፅ አጠገብህ ይኑር። ያ ድምፅ ጩኸቱን ሙሉ በሙሉ አይሸፍነው፣ ከሥሩ ትንሽ ዝቅ ይበል። አንጎል ጩኸቱን እየሰማ ችላ ማለትን እንዲለምድ ነው። ይህን ሐሳብ ያስፋፋው ፓቬል ያስትሬቦፍ የተባለ ተመራማሪ ነው። ጽሑፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነበር። እውነቱን ለመናገር እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ አንድ ትልቅ ሙከራ ይህ ዘዴ ከተለመደው የምክር አገልግሎት ያን ያህል እንደማይበልጥ አሳይቷል። የተሻለ ማስረጃ ያለው ሲቢቲ የሚባለው፣ ስለ ጩኸቱ የሚያስቡትን በምክክር የመለወጥ ሕክምና ነው። እሱም ቢሆን የሚቀንሰው ጭንቀቱን ነው። የጩኸቱን መጠን አይደለም።

ያቺ የጋሼ መልስ ተመልሳ መጣች። አለ፣ ግን ግድ አልሰጠኝም።

እንዚራ

ጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ አለ። በገና ይማራል። ማታ ማታ አንድ መዝሙር ደጋግሞ ይደረድራል። እትዬ ቀድሞ "ይሄ ልጅ እንቅልፍ ነሳን" ትል ነበር። የነሳው እሷን ነው። ጋሼ ግን የልጁ በገና ሲጀምር ከሶፋው ተነስቶ መኝታ ቤት እንደሚገባ ያስተዋለችውም እሷው ናት።

በገና 10 አውታር አለው፣ ከበግ አንጀት የተሠራ። አውታሮቹ የሚያርፉበት በርኩማ ላይ በእያንዳንዱ ሥር ቁራጭ ቆዳ ይገባል። እንዚራ ይባላል። አውታሩ ሲመታ ቆዳውን እየነካካ ይርገበገባል፤ ያ ዝዝዝ የሚለው የበገና ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ነው። እንዚራው ትንሽ ከሸሸ ዝዝታው ይጠፋል፣ ከተጠጋ አውታሩ ይታፈናል። ልጁ እየነካካ ሲያስተካክል ጋሼ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያይ ነበር። አንድ ቀን "እስቲ ወዲህ በለው" ብሎ ራሱ አስተካከለለት። ድንጋይ ሲወቅር የኖረ እጅ የፀጉር ያህል ልዩነት ያውቃል።

ለምን በገና? የእኔ ግምት ይህ ነው። በገና ወፍራምና ዝቅ ያለ ድምፅ ነው። የጋሼ ጆሮ ደህና የሆነው በዚያ በኩል ነው፤ ሳይታገል ይሰማዋል። ዝዝታው ደግሞ ከዋናው ድምፅ በላይ ብዙ ስስ ድምፆችን ይጨምራል። እነሱ ከጩኸቱ ጋር ይቀላቀላሉ እንጂ አይደፍቁትም። ሐኪሙ ያለው "ከሥሩ ዝቅ ያለ" ይሄው ነው። ዜማው ቀስ ያለ ነው። ግጥሙ ስለ ሞትና ስለ ንስሐ ነው፤ ሰውየው ያምንበታል። ከሳህኖቹ የሚለየው ይህ ይመስለኛል። ሳህኖቹ ጋ ሲሄድ እንግዳ ነበር። በገናው ጋ ግን ቤቱ ነው። እንጦጦ እኮ የበገና አገር ነው። ስመ ጥሩው በገና ደርዳሪ ዓለሙ አጋ በልጅነታቸው የተማሩት እዚያው፣ ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነው።

ጋሼ እራሱ መማር ጀመረ። በግራ እጁ። ወፍራም ጣቶቹ ሁለት አውታር ባንዴ ይነካሉ፣ ልጁ ይስቃል፣ ጋሼ ይቆጣል። እስካሁን አንድ መዝሙር እንኳ አልሞላለትም። ግን "ዳዊት ለሳኦል በገና ሲደረድር ክፉ መንፈስ ይርቀው ነበር፣ አንደኛ ሳሙኤል 16" ማለት ይወዳል። እኔም "ጋሼ፣ ምዕራፍ 18 ላይ ያው ዳዊት ያንኑ በገና ሲደረድር ሳኦል ጦር ወረወረበት እኮ" እለዋለሁ። "አንተ ሁልጊዜ ሌላውን ገጽ ነው የምታነበው!" ይለኛል። እኔ ግን ይህን ታሪክ የምወደው ለዚህ ነው። የሳኦል ሕመም አልጠፋም ነበር። በገናው ሲደረደር ያርፍ ነበር፣ ያ ብቻ።

ልጁ የማይደረድርበት ሌሊት አሮጌዋን ራዲዮ በሁለት ጣቢያ መካከል አድርጎ ዝቅ አድርጎ ይከፍታታል። ሽሽሽ ትላለች። ዋጋዋ ዜሮ ነው።

ቁጥሩ

የጆሮ ጩኸት ምን ያህል ኑሮን እንደሚያውክ የሚለካ 25 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ። ከ0 እስከ 100 ነጥብ አለው። ጥያቄዎቹን ወደ አማርኛ መልሼ ሐኪም ዘንድ ከመሄዳችን በፊት ጠየቅኩት፤ 60ዎቹ ውስጥ ነበር። መጠይቁ ይህን "ከባድ" ይለዋል። በገናውም ራዲዮኑም የጆሮ መሸፈኛውም ከተጀመሩ ከወራት በኋላ ስጠይቀው 30ዎቹ ውስጥ ወረደ፤ "ቀላል" ከሚባለው። "ጩኸቱ ራሱስ ቀነሰ?" ስለው ትንሽ አሰበ። "ሲር ማለቱ ያው ነው። እኔ ነኝ የተውኩት።"

ከዚህ ውስጥ የትኛው ምን ያህል እንደሠራ መለየት አይቻልም። ሁሉም ባንድ ወቅት ነው የመጡት። የግፊት መድኃኒቱ ተመለሰ፣ ወቀራው በመሸፈኛ ሆነ፣ ፍርሃቱ ለቀቀው፣ እንቅልፍ መጣ። አንድ ሰው አንድ ሰው ነው። "በገና የጆሮ ጩኸት ያድናል" ብሎ ቪዲዮ የሚሠራ ካለ በዚህ ጽሑፍ አይመስክርብኝ።

ሳህኖቹስ? ልጁ አሁንም አንዳንዴ ትወስደዋለች። ጎንጉ ሲመታ ውጭ ወጥቶ አትክልቱን ያያል። ሳህኖቹን ለምትመታው ወጣት የኪኒኑን ነገር ነገርናት፤ ደነገጠች። ከዚያ ወዲህ ለሚመጣ ሰው ሁሉ መድኃኒት አታቁሙ ብላ አስቀድማ ትናገራለች። መክሮት የነበረው ሰው ግን እስከ ዛሬ "ግፊት የምዕራባውያን ፈጠራ ነው" ባይ ነው። ተውኩት።

ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ከመርካቶ የገዛሁት የጆሮ መሸፈኛ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ጋሼ ያጠልቀዋል። ተሸካሚዎቹ አያጠልቁም፤ "ያልበናል፣ ሰው ሲጠራን አንሰማም" ይላሉ። ለእነሱ የሚጠቀለለውን ስፖንጅ አመጣሁ። ጠቅልሎ ማቅጠን፣ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ማድረግ፣ ከትቶ እስኪያብጥ በጣት መያዝ ነው። አንዱ ለመደው። ሌላው ኪሱ ውስጥ ከቶታል። ወቀራው አሁን ደጅ ነው፣ ከግድግዳና ከቆርቆሮ ርቆ።

አሁን ወፍጮውን በብዛት የሚያንቀሳቅሰው ወንድ ልጁ ነው። ሠላሳ አልሞላውም። በቀደም ከመገናኛ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ደወልኩለት፤ "ጮክ በል አይሰማኝም" አለኝ። ወፍጮው ጠፍቶ ነበር። የጆሮ ምርመራ ቀጠሮ ይዤለታለሁ። ከመስቀል በኋላ ይሁንልኝ ብሏል፣ ሥራ በዝቷል።